መኪናው ዝቅ ካለ በኋላ የብራቾ ጎሚኒን እንደገና ማሰር፦ ደረጃ በደረጃ

አጭር ሞላ የተገጠመለት መኪና ያምራል። ጎማና ፓራፋንጎ ይቀራረባሉ፣ ኩርባ ላይ የሚሰማው መዘንበል ይቀንሳል። ጥቂት ወራት ያልፉና ግን ጉብታ በተሻገራችሁ ቁጥር ከታች «ቋ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ወይም ፍሬን ስትይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን መሳብ ይጀምራል። ባለቤቱ ሞላውን ይወቅሳል፣ ሌላው አሞርዛተሩን ይጠረጥራል። የብራቾውን ጎሚኒ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ጥቂት ነው። ብራቾ ጎማውን ከመኪናው ፍሬም ጋር የሚያያይዘው ክንድ ነው፤ ጎሚኒው ደግሞ ክንዱ ፍሬሙ ላይ የሚታሰርበት ላስቲክ ነው።

ብዙ ጊዜ የሆነው ይህ ነው። ሞላው ሲቀየር የብራቾ ብሎኖች ሳይነኩ ቀርተዋል። ወይም ተፈትተው ነበር፣ ግን መኪናው ክሪክ ላይ ሆኖ ጎማው እንደተንጠለጠለ ታሰሩ። በሁለቱም መንገድ ጎሚኒው መኪናው ቆሞ እንኳ ተጠምዝዞ ያድራል።

ማስተካከያው ብዙ ጊዜ አዲስ ዕቃ አይጠይቅም። ብሎኑን ማላላት፣ መኪናው በራሱ ክብደት አዲሱ ከፍታው ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ፣ እዚያው እንዳለ መልሶ ማጥበቅ። ሥራው ቀላል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ሊዛነፍ አይገባም። ሞላ የሚያስቀይር ሰው ሁሉ ይህን አውቆ ወደ ጋራዥ ቢሄድ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ካልጠየቁ በስተቀር ብዙ ቦታ ይዘለላል።

መኪናችሁን ዝቅ ሳይሆን ከፍ ያደረጋችሁም አንብቡት። አገር ቤት ብዙ ሰው በኮብልስቶንና በጉድጓድ ምክንያት ቪትዙን ወይም ኮሮላውን በስፔሰር ከፍ ያስደርጋል። ብራቾው በዚያኛው አቅጣጫ ይዞራል እንጂ ጎሚኒው ላይ የሚደርሰው ነገር አንድ ነው፣ አሠራሩም አንድ ነው።

ጎሚኒው ለምን ይጎዳል

አንድ አሮጌ የብራቾ ጎሚኒ አግኝታችሁ በእጃችሁ ያዙት። መሀሉ ላይ ብሎኑ የሚያልፍበት የብረት ቱቦ አለ። ከውጭ ሰፋ ያለ ሌላ የብረት ቀለበት ያቅፈዋል፤ እሱ በፕሬስ ተጨምቆ ብራቾው ውስጥ ይገባል። በሁለቱ መካከል ያለው ላስቲክ ፋብሪካ ላይ ከሁለቱም ብረቶች ጋር እንዲጣበቅ ተደርጓል። አንዱን ይዛችሁ ሌላውን ብታዞሩት ትንሽ ይዞርና ወደ ነበረበት ይመለሳል። እንደ ኩሽኔታ አይሽከረከርም።

ብሎኑ ሲጠብቅ የመሀሉ ቱቦ በሁለቱ የፍሬም ጆሮዎች መካከል ተነክሶ ይቀራል። ብዙዎቹ ጫፋቸው ላይ ጥርስ ያላቸው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ብራቾው ሲወጣና ሲወርድ የሚዞረው የውጭው ቀለበት ነው፣ ልዩነቱን የሚሸከመው ላስቲኩ። ላስቲኩ የሚያርፍበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ብሎኑ በጠበቀበት ሰዓት ብራቾው የነበረበት ቦታ።

አሁን በቁጥር እንየው። ብራቾው ከጎሚኒው እስከ ቴስቲኒው፣ ማለትም በጎማው በኩል እስካለው የኳስ መገጣጠሚያ፣ 35 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። መኪናው 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ብራቾው 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይዞራል። ይህ ጥመት መኪናው ቆሞም አለ። ጉብታ ሲመጣ ተጨማሪው ጥመት ከዜሮ ሳይሆን ከዚህ ላይ ይጀምራል። ጎማው ተንጠልጥሎ ከታሰረ ደግሞ የባሰ ነው። የተንጠለጠለ ጎማ መሬት ላይ ካለበት 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። በዚያው ብራቾ ላይ ይህ ከ16 ዲግሪ በላይ ማለት ነው። መኪናው ከክሪክ ወርዶ መሬት ሲነካ ጎሚኒው ገና ምንም ሳይነዳ እንደ ታጠበ ጨርቅ ተጠምዝዟል።

ላስቲኩ በዚህ ሁኔታ መጀመሪያ ብረቱን በሚነካበት ጠርዝ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እየዞረ ይሰፋና በመጨረሻ ከብረቱ ይላቀቃል። ድምፁም፣ የመሪው መሳብም፣ የጎማው በአንድ ወገን መበላትም ከዚህ በኋላ ይከተላሉ።

ሌላም መዘዝ አለ። የተጠመዘዘ ላስቲክ ራሱ እንደ ትንሽ ሞላ ይሠራል። ተንጠልጥሎ የታሰረ ጎሚኒ መኪናውን ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ አዲስ ሞላ ገብቶ መኪናው የተባለውን ያህል ዝቅ ካላለ ወይም ግራና ቀኙ ካልተካከለ፣ ሞላውን ከመመለሳችሁ በፊት ይህን ሥራ ሥሩ።

የትኛው ይፈታል፣ የትኛው አይነካም

መለያው የብሎኑ አቀማመጥ ነው። ብራቾው ሲወጣና ሲወርድ ብሎኑን እንደ ማጠፊያ ዘንግ አድርጎ የሚዞር ከሆነ ያ ጎሚኒ መፈታት አለበት። ብሎኑ ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ግን ብራቾው ጎሚኒውን ያዘነብለዋል እንጂ በብሎኑ ዙሪያ አያዞረውም። ይህን ማላላት ብዙም የሚለውጠው ነገር የለም። ከፊት ብራቾ ሁለት ጎሚኒዎች አንዱ እንዲህ የቆመ የሆነባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ገብታችሁ በዓይናችሁ እዩ።

ከኋላስ? ቪትዝና እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ ኮሮላዎች ከኋላ ግራና ቀኙን የሚያያይዝ አንድ ወጥ አክስል አላቸው። ከጎማው ቀደም ብሎ በሁለት ትልልቅ ጎሚኒዎች ሻሲው ላይ ተንጠልጥሏል። ሁለቱ ብሎኖች ይፈታሉ። የኋላ አሞርዛተር የታችኛው ዓይንም ጎሚኒ አለው፤ እሱም ይካተታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠሩት ኮሮላዎች፣ ማለትም ኢ100 እና ኢ110፣ ከኋላ በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ጎንዮሽ የሚሄዱ ሁለት ዘንጎችና ወደ ፊት የሚሄድ አንድ ዘንግ አላቸው። የሁሉም ጫፍ ጎሚኒ ስላለው ሥራው ይረዝማል።

ከሁሉም ትዕግሥት የሚጠይቁት ባለብዙ ዘንግ መኪኖች ናቸው። መርሴዲስ 190 እና ደብልዩ124 ከኋላ በእያንዳንዱ ጎማ አምስት ዘንግ አላቸው። አንዱን ረስታችሁ ሌሎቹን ብትፈቱ የረሳችሁት ብቻውን ተጠምዝዞ ይቀራል። ወረቀት ላይ ሥላችሁ የነካችሁትን ምልክት አድርጉ።

የማይነኩ አሉ። ቴስቲኒ ኳስ ስለሆነ በነፃነት ይዞራል። ስታቢላይዘሩን፣ ማለትም ግራና ቀኙን አያይዞ መዘንበልን የሚቀንሰውን ዘንግ፣ መሀል ላይ የሚይዙት ላስቲኮች በአብዛኛው መኪና ላይ ዘንጉን አቅፈው ያንሸራትቱታል እንጂ አይጣበቁበትም። ፖሊዩሬቴን (ከላስቲክ የጠነከረ ሰው ሠራሽ) ጎሚኒ ያስገባችሁም ከዚህ ሥራ ነፃ ናችሁ፣ ምክንያቱም የመሀሉ ቱቦ ውስጡ ይሽከረከራል። እሱ የሚፈልገው ራሱን የቻለ ወፍራም የሲሊኮን ግሪስ ነው። ግሪሱ ሲያልቅና አቧራ ሲገባበት ይንጫጫል። እኔ ለአዲስ አበባ አቧራና ጭቃ የፋብሪካውን ላስቲክ እመርጣለሁ፤ በትክክል ከታሰረ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል፣ ጆሮም ያሳርፋል።

ቦታና መሣሪያ

ከሁሉ የሚሻለው ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ነው። መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ ሳለ እናንተ ከሥሩ ቀጥ ብላችሁ ትሠራላችሁ። አላይመንት የሚሠራበት፣ መኪናው በጎማው የሚወጣበት ሊፍትም እንደዚሁ ነው። በሁለት ክንድ ሻሲውን ይዞ የሚያነሳው ሊፍት ግን ለመጨረሻው ማጥበቅ አይሆንም። አራቱም ጎማ ይንጠለጠላል፤ ችግሩ የሚፈጠረውም እዚያ ላይ ነው። መካኒኩ በዚህ ሊፍት ላይ እያለ ብሎኑን ጨርሶ ሲያጠብቅ ካያችሁ በትሕትና አስቁሙት። «መሬት ላይ ሲወርድ ይጥበቅልኝ» በሉት። በእጅ አስይዞ ማውረድ ይችላል።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ቡሶላ ከነዘንጉ፤ ለቶዮታ አብዛኛውን ጊዜ 17፣ 19 እና 22 ቁጥር ይበቃል። ረጅም የማላሊያ ዘንግ። ቶርክ (ብሎን የሚጠብቅበትን ጉልበት) የሚለካ መፍቻ። የሽቦ ብሩሽ፣ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት፣ ሜትር፣ ኖራ ወይም ነጭ ቀለም፣ ለጎማ ታኮ። ጉድጓድ ከሌለ ክሪክና ሁለት ጠንካራ ካቫሌቶ (የተነሳ መኪና የሚያርፍበት የብረት መደገፊያ)።

የመኪናችሁን የቶርክ ቁጥር አስቀድማችሁ ፈልጉ። ለትንንሽ መኪኖች የብራቾ ብሎን ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 140 ኒውተን ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል፣ ግን በግምት አትሥሩ። ከዚያው መመሪያ ላይ ብሎኑ ወይም ዳዶው አንዴ ብቻ የሚያገለግል መሆኑንም እዩ። ቮልስዋገን ለምሳሌ ብዙ ብሎኖቹን መጀመሪያ በቶርክ፣ ቀጥሎ ተጨማሪ ዲግሪ በማዞር ያስጠብቃል። እነዚህ ሲጠብቁ ይለጠጣሉና ተፈትተው አይመለሱም። አዲሶቹን ገዝታችሁ ጀምሩ።

መለካት

አዲስ ሞላ ከገባ በኋላ መኪናው ጥቂት ቀን ተነድቶ ሞላው ቦታውን ቢይዝ ጥሩ ነው። ያን ያህል ቀን ጎሚኒውን ተጠምዝዞ መተው ግን አይመከርም። በገባበት ቀን አስተካክላችሁ እሰሩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትለኩት ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወረደ እንደገና ፈትታችሁ እሰሩት።

መኪናውን ለጥ ያለ ወለል ላይ አቁሙ። የአራቱም ጎማ ነፋስ ልክ ይሁን። መኪናው ወይም ሻንጣው ውስጥ ያለውን የማያስፈልግ ዕቃ አውጡ። ከዚያ ከቸርኬው መሀል ነጥብ ተነስታችሁ ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው የታችኛው ጠርዝ ለኩ። አራቱንም ጻፉ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማ ነፋስና የጎማ መበላት ቁጥሩን ያዛባል። ከቸርኬ መሀል የተወሰደው ልኬት ግን ብራቾው ያለበትን ቦታ በቀጥታ ይነግራችኋል። ጉድጓድ ለሌላችሁ ደግሞ ሥራው ሁሉ በዚህ ቁጥር ላይ ይቆማል።

አንዳንድ ፋብሪካ መኪናውን ጭኖ መለካት ይፈልጋል። ቢኤምደብልዩ ለብዙ ሞዴሎቹ በመቀመጫዎቹ ላይ 68 68 ኪሎ አስቀምጣችሁ ሥሩ ይላል። ቶዮታ ይህን አይጠይቅም፤ መኪናውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፍቶ ማረጋጋት ይበቃዋል። ሁልጊዜ ብቻችሁን የምትነዱ ከሆነ የሹፌሩ ወንበር ላይ አንድ ሰው ማስቀመጥ አይከፋም። ከዚያ በላይ አትጨነቁ፤ የጥቂት ሚሊ ሜትር ጉዳይ ነው።

ጎሚኒውን መመርመር

ከማላላታችሁ በፊት ባትሪ ይዛችሁ ላስቲኩን ተመልከቱ። በጥፍር የማይገባ ቀጭን መስመር ብቻ ካለ ይቀጥላል። ላስቲኩ ከብረቱ ተላቅቆ ክፍተት ካሳየ፣ ወይም ብራቾውን በማንሻ ብረት ስትነቀንቁት መሀሉ ቱቦ ወደ አንድ ጎን ከሄደ፣ አልቋል። ውስጡ ፈሳሽ ያለው ዓይነት ደግሞ ጥቁር ዘይት ካነባ አልቋል። ያለቀ ጎሚኒን እንደገና ማሰር ድካም ነው። ቀይሩት።

ሲቀየር ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ በመዶሻ እየቀጠቀጡ አያስገቡት፤ ቀለበቱ ይጣመማል። ፕሬስ ያለበት ቦታ ውሰዱት። ለማንሸራተት የሳሙና ውኃ ይበቃል። የሞተር ዘይትና ግሪስ ላስቲኩን ይበላዋል። ሁለተኛ፣ ብዙ ጎሚኒዎች የሚገቡበት አቅጣጫ አላቸው። ላስቲኩ ላይ ቀዳዳ ወይም ቀስት ታያላችሁ። አሮጌው ሳይወጣ በፊት ቀዳዳው ወዴት እንዳየ ብራቾው ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ አዲሱን በዚያው አስገቡ። ሶማሌ ተራ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና የቱቦውን ርዝመትና የቀዳዳውን አቀማመጥ አስተያዩ። ተመሳሳይ የሚመስሉ ግን በሚሊ ሜትር የሚለያዩ አሉ።

ማላላት

ክሩን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ ዝገት ማላቀቂያ ቀቡት። ማታ ቀብቶ ጠዋት መጀመር ብዙ ጣጣ ያስቀራል። ዘይቱ ላስቲኩ ላይ እንዳይፈስ በጨርቅ ተከላከሉ።

ፊቱን ስትሠሩ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ የኋላ ጎማ ታኮ ይግባለት። ኋላውን ስትሠሩ ተቃራኒው ነው። የፊት ጎማ ታኮ ይግባለት፣ የእጅ ፍሬኑ ግን ይለቀቅ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የእጅ ፍሬን የኋላ ጎማን ይዞ ስለሚያስቀር አክስሉ ሲወርድ ጎማው ትንሽ መዞር አይችልም፤ ጎሚኒው ወደሚያርፍበት ቦታ አይደርስም።

አንዳንድ ብሎን ከጎኑ ሞላላ ሮንዴላ አለው፣ ዙሪያው ላይም መስመሮች ተቀርጸውበታል። ይህ የአላይመንት ማስተካከያ ነው። ከመፍታታችሁ በፊት ሮንዴላውም ፍሬሙም ላይ የሚያልፍ አንድ ነጭ መስመር አስምሩ። ካልሆነ ጎማው ወዴት እንደዞረ ሳታውቁ መንገድ ላይ ትወጣላችሁ።

ቶዮታ ላይ ብዙ ጊዜ ዳዶው ፍሬሙ ላይ የተበየደ ነው፤ ወይም እንዳይዞር የሚይዘው ምላስ አለው። በዚያ ጊዜ የሚዞረው ብሎኑ ነው። ዳዶውን በግድ አታዙሩት፤ ምላሱ ይጣመማል። ቶርክ መለኪያውን ለመፍታት አትጠቀሙበት፤ ልኩን ያጣል። ረጅሙን ዘንግ አምጡ።

ብሎኑን አታውጡት። አንድ ወይም ሁለት ዙር ብቻ አላሉት፤ የመሀሉ ቱቦ ከፍሬሙ ጆሮ ነፃ ይውጣ። እዚህ ላይ በጥንቃቄ አዳምጡ። ጎሚኒው በጣም ተጠምዝዞ ከነበረ ቱቦው ሲለቅ «ጣ» ብሎ ይዞራል፣ መኪናውም በዚያ ጎን ለዓይን የሚታይ ያህል ሊወርድ ይችላል። ያን ድምፅ ከሰማችሁ ሥራው በእርግጥ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ምንም ካልተሰማ ሁለት ምክንያት አለ። ወይ ጎሚኒው ደህና ነበር፣ ወይ ቱቦው በዝገት ከፍሬሙ ወይም ከብሎኑ ጋር ተጣብቋል። ለማወቅ ጠፍጣፋ ማንሻ ብረት በፍሬሙ ጆሮና በቱቦው ጫፍ መካከል አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉ። ጥርሱ ከተነቀለ ብርሃን ታያላችሁ።

ግራውን ብቻ ፈትታችሁ አጥብቃችሁ ወደ ቀኝ አትሂዱ። የአንድ አክስል ሁለቱም ወገን አብሮ ይላላ፣ አብሮ ይቀመጥ።

ማስቀመጥ

ብሎኖቹ እንደላሉ፣ አንድ ሰው መከላከያው ላይ ይደገፍና መኪናውን ስድስት ሰባት ጊዜ ወደ ታች ይግፋው፣ ይልቀቀው። ጉድጓድ ውስጥ ያለው ሰው በዚህ ጊዜ እጁን ከብራቾና ከፍሬም መካከል ያውጣ። መኪናው በክሪክ ተነስቶ ከነበረ ጎማዎቹ መሬት ሲነኩ ወደ ውስጥ ተሰብስበው ይቀመጣሉ። መሬቱ ስለሚይዛቸው ወደ ውጭ መውጣት ያቅታቸዋል፣ መኪናውም ከልኩ ከፍ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ታኮውን አንስታችሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቃችሁ፣ ማርሹን ኒውትራል አድርጋችሁ በእጅ አንድ ሜትር ወደ ፊት፣ አንድ ሜትር ወደ ኋላ ግፉት። ለዚህ ሥራ ለጥ ያለ ቦታ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ሞተር አስነስቶ በላላ ብሎን መንዳት ግን ፈጽሞ አይሞከርም፣ ግቢ ውስጥም ቢሆን።

ከዚያ እንደገና ከቸርኬ መሀል ለኩ። ግራና ቀኙ ከተቀራረበና ሁለት ጊዜ ለክታችሁ አንድ ቁጥር ከሰጣችሁ መኪናው ቦታውን ይዟል።

ማጥበቅ

መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ መፍቻ ያዝ አድርጉ። ነጭ መስመር ያደረጋችሁበት ሞላላ ሮንዴላ መስመሩ ላይ መመለሱን አረጋግጡ። ከዚያ ቶርክ መለኪያውን በቁጥሩ ላይ አድርጋችሁ ግራ፣ ቀኝ እያላችሁ አጥብቁ። መፍቻውን በዝግታና በአንድ ወጥ ጉልበት ሳቡ፤ «ቀጭ» ሲል አቁሙ። ደግሞ ማስጮህ ብሎኑን ያለ ልኩ ያጠብቀዋል።

ቶርክ መለኪያ ማግኘት ካቃታችሁ ተውሳችሁም ቢሆን አምጡ። 100 ኒውተን ሜትር ማለት በግማሽ ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ ማንጠልጠል ነው። ክንድ ይህን በትክክል አይለይም። የላላ ብሎን ቱቦውን አይነክስም፤ ቱቦው እየዞረ የፍሬሙን ጆሮ ይበላል። ያ ጆሮ ብየዳ ነው የሚጠይቀው። ከልክ በላይ የጠበቀም ይበጠሳል።

የጠበቀውን ሁሉ ከብሎኑ ራስ እስከ ፍሬሙ በሚያልፍ የቀለም መስመር ምልክት አድርጉበት። ብሎኑ ከላላ መስመሩ ይሰበራልና በኋላ በጨረፍታ ታውቁታላችሁ።

ጉድጓድም ሊፍትም ከሌለ

ቤት ውስጥ ይቻላል። የጻፋችሁት የቸርኬ ልኬት ነው የሚያወጣችሁ። መኪናውን አንሱ፣ ሻሲው ላይ ባሉት ማንሻ ቦታዎች ሥር ካቫሌቶ አስቀምጡ፣ በክሪክ ላይ ብቻ ሆኖ ከሥሩ ማንም አይግባ። ጎማውን አውጡ። ብሎኖቹን አላሉ። አሁን ክሪኩን በቴስቲኒው ሥር፣ ብራቾው ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ከጎማው ማቀፊያ መሀል እስከ ፓራፋንጎ ያለው ርቀት መሬት ላይ ከጻፋችሁት ቁጥር ጋር እስኪገጥም ድረስ ቀጥሉ። እዚያ ላይ አጥብቁ።

አንድ አደጋ አለ። ልኬቱ ሊገጥም ሲል ክሪኩ የመኪናውን ክብደት መሸከም ይጀምራል። ከኋላ ቀለል ባለ መኪና ላይ ሻሲው ከካቫሌቶው ሊነሳ ይችላል። በየጥቂቱ እያነሳችሁ ካቫሌቶውን ተመልከቱ። ሊለቅ ሲል አቁሙ። ከልኬቱ 1 ሴንቲ ሜትር ቢቀር ከአንድ ዲግሪ ተኩል ብዙም አይበልጥም፤ ከወደቀ መኪና ያ ይሻላል። ስታቢላይዘሩ ሁለቱን ጎን ስለሚያያይዝ አንዱን ብቻ ስታነሱ ይታገላችኋል። የአንዱን ሊንክ ለጊዜው ብትፈቱት ይቀላል።

ጎማውን ስትመልሱ የቶዮታ ትናንሽ መኪኖች የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው። በመስቀል ቅደም ተከተል አጥብቁ።

ዝቅታውና ሌሎቹ ክፍሎች

ጎሚኒው በትክክል ቢታሰርም ከልክ ያለፈ ዝቅታን አያድንም። መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ሳለ የፊት ብራቾውን እዩት። ከጎሚኒው ወደ ቴስቲኒው ሲሄድ ወደ ታች የተዘነበለ ወይም ጠፍጣፋ ከሆነ ደህና ነው። ወደ ላይ ካቀና መኪናው በጣም ወርዷል። ኩርባ ላይ መዘንበሉ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ለአዲስ አበባ መንገድና ጉብታ 3 ሴንቲ ሜትር ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ሞላ ማስቆረጥን በተመለከተ ምክሬ ግልጽ ነው፤ አታስቆርጡ። የተቆረጠ ሞላ ጎማው ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል፣ ሲመለስ ቦታውን ላይዝ ይችላል። በእሳት የተቆረጠ ደግሞ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል። ለመኪናው የተሠራ አጭር ሞላ ግዙ። ከፍታው የሚቀያየር ኮይልኦቨር ካላችሁ፣ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ባስተካከላችሁ ቁጥር ይህ ሁሉ ሥራ ይደገማል። ከፍታውን ወስናችሁ ተዉት። ጀርመን የምትኖሩ ደግሞ ዝቅ ማድረጉ በቲዩፍ ወይም በመሰል ተቋም ተመርምሮ ሰነድ ላይ ካልገባ መንገድ ላይ ችግር ያመጣል።

እግረ መንገዳችሁን የፊት መብራቱን አቅጣጫ አስተካክሉ። ፊትና ኋላው እኩል ካልወረደ ብርሃኑ ወይ አስፋልቱ ላይ ያጥራል፣ ወይ የሚመጣውን ሰው ያሳውራል።

አላይመንት የመጨረሻው ነው

ጎሚኒው ሳይስተካከል አላይመንት ማሠራት ገንዘብ መጣል ነው። ጎሚኒው ሲፈታ ከፍታው ይቀየራል፣ ከፍታው ሲቀየር የጎማው አቅጣጫ ይቀየራል። ስለዚህ ጎሚኒ መጀመሪያ፣ አላይመንት በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ። ዝቅ ያለ መኪና ላይ ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፣ ጫፋቸውም ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይዞራል። የጎማውን የውስጥ ጠርዝ ቶሎ የሚጨርሰው በተለይ ይህ የጫፍ መዞር ነው። ለሠራተኛው መኪናው ዝቅ መደረጉን ንገሩት። መዘንበሉ በመሪው ዘንግ አይስተካከልም፤ ከፊት አሞርዛተሩን ከጎማው ማቀፊያ ጋር የሚያስሩት ሁለት ብሎኖች ትንሽ ቦታ ይሰጣሉ፣ ካልበቃ ቀጠን ያለ ብሎን ይገባል። የታተመ ውጤት ተቀበሉና አስቀምጡት።

ከ300 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ አንዴ ከሥር ግቡ። የቀለም መስመሮቹን እዩ፣ የተሰበረ ካለ ወደ ቶርኩ መልሱት። ከቸርኬ መሀል ለኩ፣ ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ። የጎማውን የውስጥ ጠርዝ በመዳፋችሁ ዳስሱ፤ እንደ መጋዝ የሚቧጭር ከሆነ ወደ አላይመንቱ ተመለሱ።